የሄሮን ጥሎ ማለፍ

ሐኪሙ ለስኳርህ በእግርህ ሂድ ካለኝ ወዲህ፣ ማለዳ ማለዳ ሄሮን በሚባለው፣ የዚህ የወደብ ከተማ የፈረንጆች ሰፈር በኩል የባሕሩን ዳር ይዤ እንፏቀቃለሁ። እሄዳለሁ ብል ለእርምጃዬ የማይገባውን ክብር መስጠት ይሆንብኛል፤ ቁራዎቹ እንኳ አይሸሹኝም፣ ፈቀቅ ብለው ያሳልፉኛል እንጂ። ትናንት አንድ ነጭ አጥር ያለው ግቢ በር ላይ ሁለት የአገሬ ልጆች ቆመው አየሁ። ቀሚሳቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ታጥቧል፣ ላቡ ግን ገና በጠዋቱ አንገታቸው ላይ ሥራውን ጀምሯል። አንደኛዋ ስልክ ታወራለች። «ዛሬ አልመችም እቴ፣ ዛሬ ጥሎ ማለፍ ነው» ስትል ጆሮዬ ቀጥ አለ። የጫማዬን ማሰሪያ የማጠብቅ መስዬ ጎንበስ አልኩ። የተጫማሁት ማሰሪያ የሌለው ሰንደል መሆኑን ያስታወስኩት ካጎነበስኩ በኋላ ነው። ቀና ለማለት ደግሞ የአጥሩን ብረት መያዝ ነበረብኝ። ልጆቹ ሮጠው መጥተው በሁለት ወገን ደግፈው አነሱኝ፣ «ይጠንቀቁ አባባ» ብለውም መከሩኝ። ያቺን ጥሎ ማለፍ የምትለዋን ቃል በዚህ ሰፈር ካከፏት ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔን ቢያውቁ እዚያው አጎንብሼ ይተዉኝ ነበር።

ቃሏ የኳስ ቃል ናት። ወደ ሌላው ወደብ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ የአገሩ ዕቃ ሁሉ በዚህ በኩል መጉረፍ ሲጀምር፣ ከዕቃው ጋር እኛም ጎረፍን። ሾፌሩ፣ ጫኝ አውራጁ፣ ወጥ ሠሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሁላችንም ዓርብ ከሰዓት ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር አንዲት የድሬዳዋ ሴት የከፈተችው ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ባገት የምንላት ረጅም ዳቦ በሃያ ፍራንክ፣ ሚኒባሱ በሠላሳ ወይም በአርባ፣ በረዶ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥበት ዘመን ነው። ሴቶቹ ድሪያ የሚሉትን ስስ ቀሚስ ለብሰው፣ ተረከዛቸውን በሂና አቅልተው ይመጣሉ። ካሴቱ ያንጎራጉራል፣ ኳስ ያለ ቀን ግን ካሴቱ ተዘግቶ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ተሸናፊው ሻንጣውን ይዞ አገሩ የሚገባበት፣ አሸናፊው ብቻ ወደፊት የሚሄድበት ጨዋታ ሲመጣ ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ሙላቱ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ሰው፣ «ይኼማ የእናንተ የሄሮኖቹ ኑሮ ነው» አለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሏ የእኛ ሆነች።

እውነቱን ነበር። ከምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ፊት መለብለብ ሲጀምር ጊዜያቸውን የጨረሱ ፈረንጆች ቤታቸውን ዘግተው ይሄዳሉ፤ በነሐሴ አዲሶቹ ይመጣሉ። በመካከሉ ያለነው እኛ ነን። አንድ ወጥ ቤት፣ አንዲት ከኋላ ያለች የሠራተኛ ክፍል፣ በሩ ላይ ግን ሁለትና ሦስት ሰው። ያንን ወቅት ጥሎ ማለፍ አልነው። ሥራ ያገኘች ሴት «አለፍኩ» ትላለች። ማዳሚቱ «ነገ ተመለሺ» ካለቻት «ግማሽ ፍጻሜ ደርሻለሁ» ትላለች። የቤቱ ሕፃን የትኛዋን ሠራተኛ እንደሚወድ ታይቶ ከተወሰነ፣ ያ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። እረፍት የወጣችን ሴት ተክታ የምትሠራው ተቀያሪ ናት። ከአገር ቤት ይዘናቸው የመጣን ሌሎች ቃላት አልጠፉንም፤ ሽሚያም የሰው ጉሮሮ መዝጋትም ነበረን። ሽሚያ ግን በግላጭ ነው፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ነው የምትሻሙት። ጉሮሮ የሚዘጋብህ ደግሞ የሚጠላህ ሰው ነው። በጥሎ ማለፍ ማንም ማንንም አይጠላም። ጠዋት አብራችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ከሰዓት አንዳችሁ ትወድቃላችሁ፣ የወደቀው ለዳኛ አቤት አይልም፣ በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ያለፈው ሻይ ይጋብዛል። ይህን ያህል ጨዋ ቃል ነበረች፣ እኔ እስክደርስባት።

እኔ ማን ነበርኩ? ታዬ እባላለሁ፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እጄንም አፌንም የፈታሁት በባቡሩ ሰዎች ምግብ ቤት ነው፤ ፈረንሳይኛዬ ከምግብ ዝርዝር አያልፍም፣ ስለ ሽንኩርት ግን ከሚኒስትር ጋር መነጋገር እችላለሁ። ባቡሩ እያረጀ ሲሄድ እኔም አብሬው እንዳላረጅ ወደዚህ ወረድኩ፣ ተሳስቼ ነበር። የናስ ቁልፍ ያላት ነጭ ኮት ነበረችኝ። በዚያ ሙቀት እስከ አንገቴ ቆልፌያት ስሄድ ሴቶቹ «ጋሽ ታዬ፣ ውስጥህ ምን እየበሰለ ነው?» ይሉኝ ነበር። አልፈታትም። ኮቷ ስትወልቅ ከሥሯ ማን እንደሚወጣ እኔ አውቃለሁ።

እንግዲህ በአንዱ ነሐሴ አንድ የጦር ሐኪም ከነሚስቱ ሄሮን ገቡ። ቤቱን ለቅቀው የሄዱት ሰዎች ዘነቡን ጥለውላቸው ሄደዋል፣ ማለትም «እሷ ታውቀዋለች፣ ያዟት» ብለው። ዘነቡ የአሰበ ተፈሪ ሴት ናት፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከኋላ ባለችው ክፍል ዓመታት ኖራለች፣ ልጇን አገር ቤት እህቷ ዘንድ ታሳድጋለች። እኔን ደግሞ የሐኪሙ ባልደረባ ላከኝ። ማዳም ፍትሕ የምትወድ ሴት ነበረች፣ ፍትሕ የሚወድ ሰው አንዳንዴ ያስፈራል። አንድ ሳምንት ሁለታችሁም አብስሉ፣ ቀን በቀን ተፈራረቁ፣ ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ፣ ከዚያ እወስናለሁ አለች። ዕጣ ሲወጣ ቅዳሜ ለዘነቡ ደረሰ። ማዳም አንድ ሌላ ነገርም ተናገረች፤ በዚህ ቤት ጫት የሚቅም ሰው አላሳድርም፣ ጠባቂውንም አስጠንቅቄዋለሁ አለች። እኔም ጭንቅላቴን እንደ ዲያቆን ነቀነቅሁ።

አሁን የሁለታችንን ነገር አስቡት። እኔ ብወድቅ ካርቲየ ሦስት የተከራየኋት ክፍል አለችኝ፣ ከባቡሩ ዘመን የቀረ የመኖሪያ ወረቀት አለኝ፣ ሥራ እስካገኝ ጥቂት ኩራት ብቻ ነው የምቀንሰው። ዘነቡ ብትወድቅ መኝታዋም ወረቀቷም የዚያ ቤት ነው። ከበሩ ከወጣች አፈሳ ነው የሚጠብቃት፤ ያኔ ፖሊሶቹ ወረቀት የሌለውን በመኪና እየጫኑ ድንበር ላይ ያራግፉ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ማወቄን ታውቃለች። ይህን ሁሉ እያወቅን በአንድ ምድጃ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ድስቴን እንደ ሙሽራ ጠበቅሁ፤ ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ የጨው ጣሳውን ይዤ እሄድ ነበር። እሷ ድስቷን ከፍታ ትታ ልብስ ልታሰጣ ትወጣለች። የዋህ ናት እል ነበር በልቤ፤ የዋህ ማለት ያኔ ለእኔ እንደ ሰነፍ ነበር።

ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ይጾሟታል፤ ከእኛ ሻይ ቤት የማይጾሙት የሻይ ቤቷ ድመትና እኔ ነበርን። ዘነቡ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ በአፏ አይገባም፣ ሥጋና ወተትማ ሽታውንም ትሸሸዋለች። ጾመኛ እንዴት የፈረንጅ ወጥ ይሠራል ለሚለኝ፣ እዚህ ያለን የእኛ ሰዎች ሳንጻጻፍ የተስማማንበት ደንብ አለ፦ የጾመኛን ድስት ያልጾመ ይቀምስለታል። በእኛ ጾም የግቢ ጠባቂዎቹ አፋሮችና ሶማሌዎች ይቀምሱልናል፣ በረመዳን ደግሞ እኛ ለእነሱ ሴቶች እንቀምሳለን። ቀማሽ ደግሞ አይዋሽም። ሰው የሰውን ሚስት አግባብቶ ወሰደ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቀማሽ ዋሸ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለዘነቡ ሁልጊዜ የሚቀምስላት ሐመዱ የሚባለው የቤቱ ጠባቂ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን እናቱ ታማበት ባሕሩን ተሻግሮ ታጁራ ሄዶ ነበር።

ቅዳሜ እኔ ተራዬ ስላልነበረ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ከተማውን ታውቁታላችሁ፤ ጫቱ ከአገር ቤት ሲደርስ ቢሮው፣ ሱቁ፣ ወፉ ሁሉ ይተኛል። እኔም ሐመዱ ክፍል ገባሁና፣ የማዳምን ማስጠንቀቂያ ትራስ አድርጌ፣ ድሬዎች እንደምናደርገው በወጉ ቃምኩ። ወደ ማታው ግድም የቀረውን ቅጠል ከምራቄ ጋር ዋጥኩት፣ ሽታውን በቅርንፉድ ደበቅሁት፣ ኮቴን ቆለፍኩና ዕቃ ለማጠብ ወጥ ቤት ገባሁ። ዘነቡ የጥጃ ሥጋ በነጭ ስጎ እየሠራች ነው፣ ፈረንጆቹ ብላንኬት የሚሉትን። ማንኪያውን በእጇ መዳፍ ደግፋ አመጣችልኝ።

«ጋሽ ታዬ፣ ይኼን ቅመስልኝ።»

ደነገጥኩ። «እኔ? ሰኞ ከሁለታችን አንዳችን እንወጣለን እኮ ዘነቡ።»

«እና ማን ይቅመስልኝ፣ ሐመዱ እንደሆነ የለም» አለችኝ። «ደግሞ ምላስ ወገን የለውም።»

የእኔ ምላስ በዚያች ሰዓት ወገን ብቻ አይደለም፣ ምንም አልነበረውም። አራት ሰዓት ሙሉ ቅጠል ያመነዠከ አፍ የተለፋ ቆዳ ነው። ማንኪያውን ወሰድኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ያገኘሁት ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀት ደግሞ ጣዕም አይደለም። «ጨው ይጎድለዋል» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ጨመረች፣ ሰጠችኝ። ገና ነው አልኳት። ጨመረች። ሦስተኛው ላይ ይመስለኛል አንድ ነገር የምላሴን ጫፍ ነካኝ፣ «አሁን ልክ መጣ» አልኳት። እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። እግዜርም ሰጠኝ።

እራቱን በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ሐኪሙ አንድ ጉርሻ ጎረሰና ውሃውን እስከ ታች ጠጣ። አንዲት ሴት ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። አንዱ እንግዳ ባሕሩ ቅርብ እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ሳህን ውስጥ ግን አልጠበቅሁትም ብሎ ቀለደ፤ ሌሎቹ ሳቁ፣ ማዳም አልሳቀችም። ወጥ ቤት መጥታ ዘነቡን አልቀመስሽውም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዘነቡ «ካሬም፣ ማዳም» አለች፣ ጾም ነው ማለቷ ነው። ታዲያ ማን ቀመሰው? ዘነቡ ወለሉን አየች። እኔ አጠገቧ ሁለት ክንድ እንኳ የማይሞላ ቦታ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። አላመለከተችኝም። የጥሎ ማለፍ ደንብ ነው፣ ለዳኛ አቤት አይባልም። እኔ ግን አፍ ነበረኝ። እኔ ነኝ ማዳም፣ ምላሴን ጫት ገድሎት ነው ብል፣ እሷ ትቀራለች እኔ እወጣለሁ፣ ነገሩ ይኼው ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል፣ ነገ ለቁርስ እንቁላሉ እንዴት ይሁንልዎት የሚል ነው። ሰኞ ጠዋት ዘነቡ የቆርቆሮ ሳጥኗን በራሷ ላይ አድርጋ ስትወጣ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ማንኪያ እወለውል ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሻይ ቤት ስገባ ሁሉም ተነሡልኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ጾመኛ ላይ ጨው!» አለ ሙላቱ እጁን ጭኑ ላይ እየመታ፤ «ጋሽ ታዬ እኮ ግብ ጠባቂው ሲጸልይ ነው ያገባው!» ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ሻይ ቀረበልኝ፣ ኬክም መጣ። እዚያ ላይ ነው የኔ ጥፋት። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አይደለም ጓዶች፣ አውቄ አይደለም፣ ምላሴ ሞቶ ነው ማለት። ግን አሰብኩት። ተንኮለኛ ቢሉኝ የኮቴ ቁልፍ አይጎድልም፤ ተንኮል ሙያ ነው፣ ይፈራል እንጂ አይናቅም። የባቡሩ ወጥ ሠሪ ጨው ከስኳር አይለይም ቢሉኝ ግን ኮቷን ለማን እቆልፋለሁ? ስለዚህ ፈገግ አልኩ። አንድ ፈገግታ ነው፣ በአንድ ዓይኔ ጠቀስ አድርጌ። በዚያች ፈገግታ ያላደረግሁትን ተንኮል የራሴ አደረግሁት። ኬኩን ሳልጨርስ ሌላ ሰው ገብቶ ዘነቡ ባልባላ ሰፈር ጓደኛዋ ዘንድ ሳለች በአፈሳ ተይዛ ድንበር መወሰዷን ነገረን። ሌሎቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እኔ ኬኩን ጨረስኩት። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ኬክ ነው፣ ቫኒላ ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ ቃሏ ተለወጠች። «አለፍሽ?» ለምትባል ሴት ሰዎች «በእጅሽ ነው ወይስ በጨው?» የሚል ጥያቄ ጨመሩባት። በጨው ማለፍ ማለት በተንኮል ማለፍ ሆነ፤ ከወደብ እስከ ፔካ 12፣ ከባድ መኪኖቹ እስከሚቆሙበት ሜዳ ድረስ፣ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ተራ ሰርቆ የጫነን ሰው «በጨው ጫነ» ይሉት ጀመር። ስሜ ታዬ ጨው ሆነ። በሰርግ ቤት ወደ ድንኳኑ ጓዳ ብቅ ስል ሴቶቹ እየሳቁ የድስቱን ክዳን ይከድናሉ። መሳቃቸው ደግ ነው፣ መክደናቸው ግን ከልብ ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ጾመኞች ቀማሽ ማመን ተዉ። አንዷ እንደነገረችኝ፣ በጾም ወቅት የምትሠራውን በግምት ትሠራለች፣ ቅመስልኝ ብላ ከምትጠይቅ ብትባረር ይሻላታል። ያ ሁሉ ዓመት የቆየ ደንብ በአንድ ደረቅ ምላስና በአንድ ፈገግታ ፈረሰ። እኔ ሐኪሙ ቤት እስኪሄዱ ሠራሁ፣ ከዚያ ሌላ ቤት፣ ከዚያም ሌላ። የሌላ አገር ወታደሮችም መጡ፣ ቻይናዎቹም መጡ፣ ነጋዴ ሁሉ መጋዘን ሠራ፣ ኮቴ ግን ጠበበች። ጫቱን? ትቼዋለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር።

አዲሱ ባቡር ገና መጮህ ሊጀምር ሲል ሙላቱ ምሳ ልጋብዝህ ብሎ ፔካ 12 ወሰደኝ። ጸጉሩ ነጥቷል፣ ምላሱ እንዳለ ነው። ከባድ መኪኖቹ እስከ ዓይን ዳርቻ ተደርድረዋል፣ ከመኪኖቹ ጥላ ሥር ሾፌሮች ጋደም ብለዋል። ሸራና ቆርቆሮ የተቀጣጠለበት ሰፊ ምግብ ቤት ገባን፤ ከምድጃው ጀርባ የቆመችው ሴት ዞር ስትል ዘነቡ ናት። ወፍራለች፣ የወርቅ ጥርስ አስተክላለች። ከድንበር የመለሳት አንድ ሾፌር መሆኑን፣ ለሾፌር ምሳ እየቋጠረች ጀምራ እዚህ መድረሷን ሙላቱ በመንገድ ላይ ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ እንዳልሸሽ ብሎ ነው ያልነገረኝ። ልሸሽ ተነሥቼም ነበር፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ስለሆነ አብሮኝ ተነሣ።

ዘነቡ ስታየኝ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች፣ ጉልበቴን ልትስም እንደምታጎነብስ ሁሉ ጎንበስ አለችና ትከሻዬን ያዘች። ከዚያ ወደ ሾፌሮቹ ዞራ፣ ያ የምነግራችሁ ሰውዬ ይኼው ነው አለች። ሁሉም በአድናቆት አዩኝ። አድናቆቱ አልገባኝም። ነፋስ ማራገቢያው ሥር አስቀመጠችኝ። እኔ ግን ምግቡ ሳይቀርብ ተነሥቼ ምድጃው ዘንድ ሄድኩና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኳት። ተንኮል እንዳልነበረ፣ ጫት እንደቃምኩ፣ ምላሴ ደርቆ ጨው አልሰማ እንዳለኝ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን ባልሠራሁት ስታማ እንደኖርኩ። ይቅር ትለኛለች፣ ቢያንስ ትስቃለች ብዬ ነው የጠበቅሁት።

ጭልፋዋ ቆመ። «አልፈራኸኝም ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ድስቷ መለስኩ።

«ጋሽ ታዬ፣ በአፈሳው መኪና ስንጫን ሴቱ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። የድሬው የባቡር ወጥ ሠሪ በሙያ አልቻለኝም፣ በጨው ነው የቻለኝ እያልኩ ነው የሄድኩት። ልጄንም እንደዚያ ብዬ ነው ያሳደግኋት። ይኼን ቤት ስከፍት አልችልም ባልኩ ቁጥር፣ ያ ሰውዬ የፈራኝ በምክንያት ነው ብዬ ነው እሳት ያነደድኩት።» ዓይኗ ሞላ። «አሁን መጥተህ ጫት ነበር ትለኛለህ?»

ይህን ያህል ዓመት ስታማ ኖሬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ንስሐዬ እንኳ ለራሴ ነበር፤ ሸክሜን ላወርድ መጥቼ የእሷን ምሰሶ ነቀልኩ። በእርግጥ በሙያ ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ያን ድስት በምላስ የቀመስኩት አይደለምና።

«ቀልዴን ነው እኮ ዘነቡ» አልኳት። «ሽማግሌ ሆኜ ትንሽ ንጹሕ ልምሰል ብዬ ነው።»

«ማልልኝ።»

«በናስ ቁልፌ። ሳምንቱን ሙሉ ድስቴን ስጠብቅ አላየሽኝም? ፈርቼሽ ነው። የአንቺ እጅ ከእኔ ይበልጥ ነበር፣ አወቅሁት፣ በጨው ጣልኩሽ።»

ድስቱን አንድ ጊዜ አማሰለች። ከዚያ የወርቅ ጥርሷ ታየ። ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ ወደ ሾፌሮቹ ዞረች። «ሰማችሁ? ከራሱ አፍ ነው። ከራሱ አፍ!»

ሙላቱ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሾፌሮቹ በተንኮሌ ያፈርኩ መሰላቸው፤ ለዘነቡም እንደዚያ እንዲመስላት ይበልጥ ዝቅ አድርጌ ደፋሁት።